«እሳቷ» ነርስ የተባረረችበት ቀን

«ወይ እሷን ታባርሪያለሽ... ወይ እኔን ትረሺኛለሽ።»

ነጋዴው ይህን ብሎ ጠረጴዛውን በጥፊ መታው።

ሥራ አስኪያጇ ደነገጠች።

የምትመራው የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሕመምተኞችን ቤት ለቤት እየዞረ የሚያክም ትንሽ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። አንድ መኪና... ጠባብ ቢሮ... ጥቂት ሠራተኛ።

ፋሻውም ጓንቱም የሚመጣው ከዚህ ሰውዬ ነው። በየስብሰባው «ለሟች አባቴ መታሰቢያ» እያለ ይሰጣል... እነሱም ቆመው ያጨበጭቡለታል።

ዛሬ ግን ዓይኑ ደም ለብሷል።

«ያቺ ነርስሽ እኔ በሌለሁበት ቤቴ ገብታ ሚስቴን አፏ እንዳመጣላት ሰደበቻት። የታመመውን ሽማግሌ ዘበኛዬንም በመኪናችሁ ጭና ወሰደችው። ማን ፈቀደላት?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ... አሁኑኑ እጠራታለሁ።»

ነርሷን ባልደረቦቿ «እሳቷ» ነው የሚሏት። ሕመምተኛውን ችላ ያለ ቤተሰብ ካየች ምላሷ አጥንት ይሰብራል። ሥራ አስኪያጇም ከድሮም አትወዳትም። ገና ከመግባቷ ጠየቀቻት።

«ሴትዮዋን ሰድበሻል?»

«ሰድቤያለሁ።»

«ለምን?»

እሳቷ ነጋዴውን ከላይ እስከ ታች አየችው... አፏን ከፈተች... መልሳ ዘጋችው።

«እሱን አልናገርም።»

«እንግዲያው እዚህ ሥራ የለሽም። ምላስሽ ድርጅቱን ሳይዘጋብኝ ውጪልኝ።»

ነርሷ አልተለማመጠችም። ጋዋኗን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችና ወጣች።

በር ላይ ቆሞ ይሰማ የነበረው ሾፌር የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ወረወረው።

«እንግዲህ አንቺው ንጂ» ብሎ ተከተላት።

ነጋዴው ፈገግ አለ። «በይ አሁን ዘበኛዬን አምጪልኝ።»

ሽማግሌው እሳቷ አምጥታ ባስተኛቻቸው የጎን ክፍል ናቸው። ጀርባቸው ከመተኛት ብዛት ቆስሎ ሥጋው ይታያል... ሽታው ከበር ይመልሳል።

«አባባ፣ ይነሱ... አሠሪዎ ሊወስዱዎት መጥተዋል።»

«የምን አሠሪ?»

«ዘበኛ የሆኑላቸው ሰውዬ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ዘበኛዬ ነው አለሽ?... እዚያ ሲጮኽ የነበረው እኮ ልጄ ነው። የበኩር ልጄ።»

ሥራ አስኪያጇ ጎንበስ አለችባቸው።

«ነርሷ ይህን ታውቃለች?»

«ታውቃለች። ‹ልጄን ሰው ፊት እንዳታዋርጂብኝ› ብዬ አስምያት ነው።»

ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። አንቱታው ቀርቷል።

«ሟቹ አባትህ ከጎን ክፍል አሉ። ግባና አናግራቸው።»

አልገባም። ቦርሳውን አንስቶ በዚያው ወጣ... ከዚያ ወዲህም አንዲት ፋሻ አልላከም።

ሥራ አስኪያጇ ወደ መንገድ ሮጠች። እሳቷና ሾፌሩ ታክሲ ሲጠብቁ ደረሰችባቸው።

«እህቴ... በድዬሻለሁ።»

እሳቷ ፊቷን አልፈታችም።

«ይቅርታሽን ኋላ ትነግሪኛለሽ። የሽማግሌው ቁስል ገና አልታጠበም... ሂጂና ውሃ አሙቂ።»

ያን ቀን ሥራ አስኪያጇ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ቁስል አጠበች። እሳቷም በላይዋ ቆማ «ቀስ በይ... ሥጋ ነው እኮ፣ ወለል አይደለም» እያለች ስትቆጣት ዋለች።

ወዳጆቼ... የሰጠ ሁሉ ደግ፣ የተቆጣ ሁሉ ክፉ አይደለም። ጭብጨባችንን ስሙን ላስጠራው ሰው ጨርሰን፣ አጠገባችን ቁስል የሚያጥበውን ባልደረባ «እግዜር ይስጥልኝ» ሳንለው ስንቱን አስቀየምነው?

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በነርሷ ቦታ ብትሆኑ መሐላችሁን ጠብቃችሁ ትባረሩ ነበር ወይስ ልጁን እዚያው ታጋልጡት ነበር? ኮሜንት ላይ እንነጋገር።