ንጹሕ ሰማይ

በዚያ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እሱን የማያስጠላው ነገር አልነበረም። የደረጃው መደገፊያ ያስጠላዋል፣ የልጆች እጅ የነካው በር ያስጠላዋል። ጎረቤቱ እትዬ አስካለ "ኧረ ውሃ እንኳ ቅመስልኝ" ሲሉት "ከቤቴ ውጪ አልጠጣም" ብሎ ፊቱን ያዞራል። ሰው ሊጨብጠው ሲል መዳፉን ሰብስቦ አንጓውን ይሰጣል። ንጹሕ ነው ብሎ የሚያምነው ሰማዩን ብቻ ስለሆነ፣ ሲመሽ ጣራ ላይ ወጥቶ ከዋክብትን በስልኩ ፎቶ ያነሳል።

አንድ ምሽት የሕንፃው ጥበቃ ጋሽ ዘውገ ደረጃ ላይ አገኙት።

"ዛሬም ጣራ ላይ ልታመሽ ነው?"

"ስልኩን ደግፌው እወርዳለሁ። አፑ ብርሃን የሚሰበስበው ቀስ እያለ ነው፤ ሰው ከነካው ይበላሻል።"

"ሰማዩን ብቻ ነው የሚያነሳው?"

"ሰማዩን ብቻ።"

"እንግዲያው አታስብ፤ ማንም እንዳይወጣ እኔ እጠብቅልሃለሁ" አሉና እጃቸውን ዘረጉለት። አንጓውን ሰጣቸው። ስልኩን ጣራ ላይ ደግፎ ቤቱ ሲገባ እሱንም በሳሙና ፈተገው።

በኋላ ስልኩን አምጥቶ፣ ከቧንቧው ውሃ ቀድቶ እየጠጣ ፎቶውን ከፈተ። ከዋክብቱ እንደተበተነ ጨው ፈሰዋል። አፑ ዓይን የማያየውን ጨለማ ሁሉ አብርቶታል። ከታች፣ ጥጉ ላይ፣ ለሕንፃው በሙሉ ውሃ የሚያወርደው ሮቶ ክዳኑ ተነስቶ ይታያል። ጋሽ ዘውገ እስከ አንገታቸው ገብተውበታል፤ ራሳቸው በሳሙና አረፋ ነጥቶ፣ ፍል ውሃ የገቡ ይመስል ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

ብርጭቆውን አየ። ባዶ ነበር።