የምንትዋብ ሹራብ

ደንቡ ከስፌት ፋብሪካው ወጥቶ መኖሪያ ቤት ከገባ ሦስት ዓመት ሆነው፤ አርባ ቀን ያልተገለገሉበት ዕቃ ብክነት ነውና ቀይ ወረቀት ተለጥፎበት ይወሰዳል። የሻረግ እዚያው ፋብሪካ ስትሠራ ቀይ ወረቀት በመለጠፍ የተሸለመች ሴት ናት። ስንቱን ሥራ የፈታ የስፌት መኪና በገዛ እጇ አስወጥታለች!

የሟች ልጇ የምንትዋብ ሹራብ ቁምሳጥኗ ውስጥ ነበር። የልጅቱ ጠረን ገና አልለቀቀውም። አርባዋ በወጣ ማግስት የደንቡ ተቆጣጣሪ ሙሉቀን ቀዩን ወረቀት ይዞ መጣ።

«እትዬ የሻረግ፣ ይሄን ማን ይለብሰዋል?»

«እኔ ነኛ!» አለችና እፊቱ አጠለቀችው። ትከሻዋ ላይ ተወጠረ። ሙሉቀን አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ እንዳይወሰድባት በየጊዜው አርባው ቀን ሳይሞላ እየለበሰችው ጉሊት ደርሳ ትመለሳለች።

ዛሬ የምንትዋብ ሙት ዓመት ነው። ሙሉቀን ጠዋት መጥቶ ቁምሳጥኑን አየና፣ «እሰይ እትዬ፣ አንድም ትርፍ ዕቃ የለም» ብሏት ሄደ። የሻረግ በሩን ዘግታ ሹራቡን አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ደግማ አሸተተችው፤ አንገቱ ሥር፣ ብብቱ ውስጥ ፈለገች። የራሷ ላብ፣ የራሷ ቅባት፣ የጉሊቱ ሽንኩርት። ልጅቱ የለችበትም።