ያልደረሰ ስእለት

«ስእለትሽ ደረሰልሽ ወይ?» አሉ ቄስ ኪዳነወልድ፤ ዓይናቸው ሴትዮዋ የያዘችው ጃንጥላ ላይ ነበር። ቀይ ከፈይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው፤ ገና ከላስቲኩ አልወጣም።

«አልደረሰም» አለች ሴትዮዋ።

ጥያቄውን ደገሙላት። መልሱም ያው ሆነ።

ጥቅምት ሃያ ሰባት ነው፤ የመድኃኔዓለም ዓመታዊ ንግሥ። ታቦቱ ዑደቱን ጨርሶ ቆሟል፤ የፀዳ ከተማና የዙሪያዋ ሕዝብ ግቢውን ሞልቶታል። ቄስ ኪዳነወልድ በዚህ ቀን ማይኩ አጠገብ ቆመው ባለስእለቶችን ተራ ማስያዝ ከጀመሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሥራው አይከብድም። ስእለቱ የሰመረለት ሰው ጧፉን፣ ምንጣፉን ወይም መጋረጃውን ይዞ ይመጣል፤ እርሳቸው የደረሰለትን ጠይቀው ያቀርቡታል፤ መስክሮ ሲጨርስ እልልታው ይቀልጣል። መካኗ ወልዳ፣ በሽተኛው ድኖ፣ እስረኛው ተፈቶ፤ ማን ምን እንደሚል እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃላቸው ያውቁታል። ያልደረሰለት ሰው ቤቱ ይቀራል። ያልደረሰ ስእለት ይዞ የመጣ እስከዛሬ አላዩም።

ሴትዮዋ ብርነሽ ትባላለች፤ ከጭልጋ ነው የመጣችው። ልጇ ትዕዛዙ ኩላሊቱን ታሞ ጎንደር ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ፣ ልጄን ካዳንክልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ፣ ደጅህ ቆሜም እመሰክራለሁ ብላ ተሳለች። ልጁ በአርባ አንደኛው ቀን ዐረፈ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ይህን ስትነግራቸው ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም።

ቄሱ አዘኑላት። ነፍሱን ይማር ብለው መስቀል አሳለሟት። ከዚያ ግን ጃንጥላውን ራሳቸው ለዕቃ ቤቱ እንደሚያስረክቡላት፣ ማይኩ ዘንድ መውጣቱ እንደማያስፈልጋት በለሆሳስ አስረዷት። ክፋት አልነበረባቸውም። በንግሥ ቀን፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ለምኜ ተከለከልኩ የምትል ሴት ማቆም የሰውን እምነት መሸርሸር መስሎ ታያቸው። የደብሩ አለቃም ቢሆኑ ቁጣ አያንሳቸውም። ከብርነሽ ኋላ ደግሞ ከሳንጃ የመጣው የሰሊጥ ነጋዴ እንኳየሁ ምንጣፍ ተሸክሞ ይቁነጠነጣል። ምንጣፉ ከባድ፣ የሰውየው ትዕግሥት አጭር ነው።

ብርነሽ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም። ጃንጥላውማ ቢሆን በሰው እጅ እልከው ነበር አለቻቸው።

«ታዲያ ምኑን ልትመሰክሪ ነው፣ ልጄ?»

«መምጣቱን» አለች።

ቄስ ኪዳነወልድ ቀና ብለው አዩዋት። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እግዚአብሔር ያደረገውን እንጂ መምጣቱን ብቻ የነገራቸው ሰው የለም። እርሳቸውስ? ዛሬ በቅዳሴው እጃቸውን ዘርግተው «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ብለዋል፤ ከሁላችሁ ጋር ይሁን ማለታቸው ነው። ሲቀድሱ ከኖሩበት ጊዜ ሁሉ ይህን ሳይሉ የቀሩበት የለም። ሆነ ወይ ብለው ግን አንድ ቀን ጠይቀው አያውቁም። ይህ ትዝ ሲላቸው አፈሩ፤ ያፈሩትም በእርሷ ፊት ነው። ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው አሳለፏት።

ብርነሽ ማይኩ ፊት ስትቆም ጃንጥላውን እንደ ሕፃን በሁለት እጇ አቅፋው ነበር።

«መድኃኔዓለም ልጄን እንዲያድንልኝ ተስዬ ነበር፤ ልጄ ሞተ» አለች። «ተቆጥቼው ነበር። ሐኪም ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ፣ ምነው፣ ምን በደልኩህ እያልኩት ሳለ መጣ። እንዴት መጣ ብትሉኝ መናገሩን አልችልበትም። መጥቶ አጠገቤ ሆነ። ልጄን አላዳነውም። እኔንም ግን ልጄን አፈር እስካለብሰው፣ ከዚያም ወዲህ፣ ትቶኝ አልሄደም። ይህን ይዤ ዝም ብዬ ቤቴ መቀመጡ አልሆነልኝም።»

ጃንጥላውን ለቄሱ ሰጥታ ወረደች።

እልል የሚል ጠፋ። ሴቶቹ እጃቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው እንደያዙ ቀሩ፤ ነገሩ የለቅሶ ይሁን የምስጋና አልለይ አላቸው። አለቃው ከወዲያ ማዶ አንገታቸውን ሲያሰግጉ ቄስ ኪዳነወልድ አዩ። አበላሸሁት አሉ በልባቸው፤ ነገሩን ቶሎ ለመሸፈን እንኳየሁን ጠሩት።

እንኳየሁ አልመጣም። ምንጣፉን መሬት አውርዶ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ገለል ብሎ ለአንዲት ወጣት ሴት ተራውን ለቆላት ነበር።

ሴቲቱ ፊታቸው ስትደርስ ቄሱ እንደ ልማዳቸው ምን እንደደረሰላት ጠየቋት። አልደረሰልኝም ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ከኋላዋ አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን ተደግፎ ቆሟል፤ ከሽማግሌው ኋላ ክንዱ በፋሻ የታሰረ ጎልማሳ፣ ከእርሱም ኋላ ከሴቶቹ መቆሚያ እየወጡ የሚሰለፉ ነበሩ።

ቄስ ኪዳነወልድ ወደ አለቃው አልዞሩም። ማይኩን ከመቆሚያው ነቅለው ለሴቲቱ ሰጧትና ሰልፉን ተመለከቱ። ጧፍ የያዘ የለም። መጋረጃ የያዘ የለም። ሁሉም ባዶ እጃቸውን ነው የመጡት።