ጓጉንቸሩ

ነጋዴዎቹ የተቃጠለውን የሱቅ መደዳቸውን መልሶ ስለመሥራት ሲነጋገሩ፣ ማርያማዊት የሰማችውን ሁሉ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ሰፊ ወረቀት ላይ ትሥል ነበር። በሥዕል እንዲግባቡ ብሎ የጠራት የነጋዴዎቹ ኮሚቴ ነው።

"የኔ ሱቅ ጥጉ ላይ ነው!"

"ወደ ሰባተኛ የሚያወጣውን መንገድ አስፊው፣ የእሳት አደጋ መኪና ይግባበት!"

እሷም ሥዕሉን ለማሳመር ብላ በየበሩ ጓጉንቸር አንጠልጥላ ሣለች።

ጋሽ ረዲ ከኋላ ተነስተው መጡና ሥዕሉ ላይ የሱቃቸውን በር በጣታቸው ነኩ። "አንቺ ልጅ፣ ይቺን ጓጉንቸር አጥፊልኝ።"

"ማርከር ስለሆነ አይጠፋም፣ ጋሼ። ምነው?"

"ልጄ ፉርቃን ሱቁ ውስጥ ነው። እሳቱ የተነሳ ሌሊት ዕቃ ሊጠብቅ አድሮ፣ እንደ ደንባችን ከውጭ ቆልፌበት ሄጄ ነበር።"

ዕቃ ጠባቂ ከውስጥ አሳድሮ ከውጭ ያልቆለፈ ነጋዴ በአዳራሹ አልነበረም። ጋሽ ረዲ ማርከሩን ከእጇ ወሰዱ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ጓጉንቸሩ ውስጥ የገባ ትንሽ ቁልፍ ሣሉ።