የገንፎው እኩሌታ

ኢቲዳል ገንፎውን ባሏ ፊት አስቀመጠችና እንደ ወትሮዋ በግራው፣ በጓዳው በር በኩል፣ ትንሿ የእንጨት መቀመጫዋ፣ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ጓዟ ተቋጥሮ ደጃፍ ላይ ነው። ወደ ወላጆቿ አገር ወደ መንጌ የሚሄደው መኪና ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ይነሳል፤ ወንድሟ ሱለይማን ሊወስዳት መጥቶ በዚያው በግራ በኩል ያለውን የውጭ በር ተደግፎ ቆሟል። እሷ ግን ቁርሱን ሳላበላው አልወጣም ብላ ነው የቆየችው። ስንት ዘመን ያበላችውን ሰው ሆዱን ባዶ ትታ መሄድ አልሆንልሽ አላት።

ኻሚስ የጠፍር አልጋው ላይ ጀርባውን ለቀርከሃው ግድግዳ ሰጥቶ በቀኝ እጁ ይበላል። ግራ እጁ ጭኑ አጠገብ ወድቋል። በቀኙ ሁለተኛ ሚስቱ ሲቲና የባምያውን ወጥ ይዛ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ቤት የመጀመሪያ ሚስት ቦታዋ የጓዳው በር ነው፤ እህሉን የምታዘው እሷ ናትና። የኻሚስ እናትም እዚያው ነበር የሚቀመጡት። ኢቲዳል ያቺን ዱካ ለማንም አስነክታ አታውቅም።

«አሰላሙ አለይኩም አልኩት፤ ዘወር ብሎ እንኳ አላየኝም» አለ ሱለይማን ከበሩ። «እሺ ታሟል። የታመመ ሰው ሰላምታ አይመልስም?»

ኢቲዳል ሰሃኑን ወደ ባሏ ጠጋ አደረገችው።

ኻሚስ የወደቀው አዲሱ ክልል በተቋቋመ ሰሞን፣ አሶሳ ስብሰባ ላይ ነው። በቋንቋዬ ልናገር ብሎ ተነሳ፤ ሳይናገር ወደቀ። ሲስተር ለተማርያም ከጤና ጣቢያው መጥታ «በጭንቅላቱ በቀኝ በኩል ደም ፈሷል፤ ግራ እጁና ግራ እግሩ የሰነፉት ለዚያ ነው» አለች። ኢቲዳልም እጅ እግሩን በሰሊጥ ዘይት ስታሽ ከረመች። ታዲያ ምን አተረፈች? ፊቱን አያዞርላትም። ስታናግረው መልሱን ለሲቲና ይሰጣል። ከቀረበለት ምግብ እኩሌታውን ይበላና በእሷ በኩል ያለውን ሳይነካ ይተወዋል። ትናንት ደግሞ ፊቱን ሲላጭ በሲቲና በኩል ያለውን ጉንጩን ጥርግ አድርጎ፣ በእሷ በኩል ያለውን ጢም እንዳለ ተወው። ጎረቤት ሳቀ። የኢቲዳል አንጀት ግን ተቃጠለ። ሰው በምላሱ አግቦ ሲናገር ሰምታ ታውቃለች፤ በጢሙ የሚናገር ግን ይኼን ጊዜ ገና ማየቷ ነው።

«ኻሚስ፣ ልሄድ ነው» አለች።

ኻሚስ ወደ ሲቲና ዞረ። «የት ነው የምትሄጂው?»

ሲቲና አንገቷን ደፋች። «እኔ አይደለሁም። ኢቲዳል ናት።»

«ኢቲዳል? እሷማ የት አለችና?»

እንዲህም አድርጎ ከሰው ቁጥር ማውጣት አለ።

«አለቀ» አለ ኻሚስ ሰሃኑን እያሳየ። ገንፎው በቢላ የተከፈለ ይመስል በእሷ በኩል ያለው ሙሉ ነው፤ እንፋሎቱም አልበረደም። ኢቲዳል በንዴት ሰሃኑን ብድግ አደረገችው። ሻርፗ ከትከሻዋ ሲንሸራተት እሱን ልትይዝ ሰሃኑን መልሳ አስቀመጠችው፤ ሲቀመጥ ዞሮ ሙሉው ወገን በኻሚስ ቀኝ ሆነ።

ኻሚስ አየው። «ጨመርሽልኝ? ደግ አደረግሽ» አለ ለሲቲና። ከዚያ የራበው ሰው አበላል በላ። የሚበላው በኢቲዳል በኩል የነበረውን ነው።

ኢቲዳል ሻርፗን እንደያዘች ቀረች። ይህ ሰው ርቦታል። ከወደቀ ጀምሮ ግማሽ ሆዱን ሲያድር ኖሯል፤ እሷ ደግሞ ናቀኝ እያለች ሰሃኑን ከፊቱ ስታነሳ ከርማለች። እጇን በግራ ዓይኑ አጠገብ አወዛወዘች፤ ምንም። ቀስ ብላ ወደ ፊት አመጣችው። ልክ አፍንጫው ጋ ሲደርስ ዓይኑ ያዘው። ለካ በግራው ያለ ሁሉ ለእሱ የለም።

«ሲቲና፣ ተነሺ። ቦታ እንለዋወጥ።»

ሲቲና ደነገጠች፤ ግን ዞራ የጓዳው በር ዱካ ላይ በፍርሃት ተቀመጠች። ኢቲዳል በባሏ ቀኝ ተቀመጠች።

ኻሚስ ቀና ብሎ አያት። «ኢቲዳል፣ መጣሽ?» አለ። «መንጌ ቆየሽብኝ። ታምሜ ነበር እኮ። አልነገሩሽም?»

«አልነገሩኝም» አለች። እንባዋን በሻርፗ ጠረገች።

«በይ ብዪ፤ ከመንገድ ነው የመጣሽው» ብሎ የተረፈውን ገንፎ ገፋ አደረገላት። ቆየት ብሎ ዙሪያውን ቃኘ። «ሲቲናስ? አሁን እዚህ አልነበረችም?»

«አለሁ» አለች ሲቲና። ጉልበቷ ጉልበቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

ኻሚስ ኢቲዳልን እያየ «ምን አልሽ?» አላት።

የሲቲና ፊት አመድ መሰለ። ኢቲዳል ያንን ፊት ታውቀዋለች፤ ስትኖርበት የከረመችው ነው። አንድ አፍታ ደስ አላት፤ አዎ፣ ደስ አላት። ከዚያ አላስቻላትም። ጠጋ ብላ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችና «ነይ ወዲህ፣ ከእኔ ጋር» አለቻት። ልጅቷ ከዱካው ተነስታ መጥታ ጎኗ ተሸጎጠች።

«መኪናው ሊያመልጠን ነው» አለ ሱለይማን።

«ይሂድ። አንተ በዚህ በኩል ዞረህ ሰላም በለው።»

ሱለይማን ምንም አልገባውም፤ ግን ጓዟን አንጠልጥሎ በአልጋው ግርጌ ዞሮ መጣ። «አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም» አለ ኻሚስ፣ ግማሽ ጢሙ በፈገግታ ተነስቶ። እጁን ዘረጋለት፤ ጓዙንም አየ። «ሱለይማን ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ፤ እህትህን አመጣህልኝ።»

ሱለይማን ጓዙን የሚያስቀምጥበት ጠፋው። በጓዳው በር በኩል ያለችው ዱካ ባዶዋን ነበረች።