ቀማሿ

የሰው ዕድሜ መቶ ሃያ ሲደርስ፣ የመጠጥ ዕድሜም ወደ ስልሳ ከፍ አለ። ከዚያ በታች የሆነ ሰው መጠጥ ከንፈሩን ሲነካው እጁ ላይ የታሰረው አምባር ይጮኻል። ብርቄ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ልጅ ድራለች፤ ለሕጉ ግን ገና ልጅ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጣለችውን ጠጅ አንድ ቀን እንኳ አልቀመሰችም። እሷ በአፍንጫዋ እያሸተተች ትጥላለች፤ እናቷ እማማ ደብሪቱ ቀምሰው «ግሩም ነው» ይላሉ። ያለ ቀማሽ መሸጥ ክልክል ስለሆነ፣ የዘጠና ሦስት ዓመቷ አሮጊት አልጋ ከጠጁ በርሜል አጠገብ ከተዘረጋ ሰባት ክረምት አልፏል።

ዛሬ ጠዋት አዲሱ ሕግ ጸደቀ፦ ሃምሳ!

ጠጅ ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ብርቄ እንደ ደንቡ ከብርሌው መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ሁሉም አምባሯን አየ። አምባሩ ዝም አለ።

«እንዴት ነው?» አሉ እናቷ ከአልጋቸው ቀና ብለው።

«እማዬ፣ ግሩም ነው! እውነትም ግሩም ነው!»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ብርቄ እናቷን ከነብርድ ልብሳቸው ታቅፋ አወጣችና በረንዳው ላይ ፀሐይ አስሞቀቻቸው። አሮጊቷ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ተመስገን! ምላሴ ጣዕም መለየት ካቆመ እኮ አምስት ዓመቱ ነው። ‹ግሩም ነው› የምልሽ ያንቺን አፍንጫ አምኜ ነበር።»