ሦስት ወር የቀረው ውል

አብዱልሃኪም የኮረሪማ ነጋዴ ነው። ከሚስቱ ከዘይቱና ጋር ከወራቤ ተነሥተው ቦንጋ ከገቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በገበያ ቀን እሱ ሺሺንዳ ከተማ ይሄዳል፣ እሷ ሱቁን ትይዛለች። ጠብ አያውቁም፤ የቤት ኪራይ ወሩ ሳይሞላ ይከፍላሉ። ታዲያ በ1998 ዓ.ም. ግንቦት፣ አንድ ጠዋት፣ ሁለቱም ተያይዘው አከራያቸው እትዬ በዛወርቅ በር ላይ ቆሙ።

"እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ቤት ገዝተናል። ሦስት ወር ቢቀረውም ውሉ እንዲፈርስልን ነበር" አለ አብዱልሃኪም፣ መሬት መሬቱን እያየ።

እትዬ በዛወርቅ ክው አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጉሮሯቸውን የሚደፍኑት በዚያ ቤት ኪራይ ነው። እሳቸው ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ተወስነው ትልቁን ቤት ያከራዩት ለዚሁ ነው። ክረምቱ ደግሞ ደጅ ላይ ነው፤ በዚያ በቦንጋ ዝናብ ማን ዕቃውን ተሸክሞ ቤት ፍለጋ ይወጣል?

"የት ነው የገዛችሁት?"

ባልና ሚስት ተያዩ።

"ስሙ ተዛውሮ እስኪያልቅ አናወራም ብለን ነው፤ አይቀየሙን" አለች ዘይቱና።

አሃ! ቤት የገዛ ሰው መንደሩን እልል ያሰኛል እንጂ ይደብቃል እንዴ? እትዬ በዛወርቅ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዓይናቸውን ከትልቁ ቤት አልነቀሉም።

ያዩትም ነገር ደግ አልነበረም። ማክሰኞ ሜትር የያዘ ሰው መጣና ከአብዱልሃኪም ጋር ሆኖ ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ለካ። ሐሙስ አብዱልሃኪም ራሱ መሰላል አስደግፎ ወጣና የጣሪያውን ቆርቆሮ አንድ በአንድ እየነካካ ቆጠረ።

"ምን ልትሆን ነው እዚያ ላይ?" አሉት ከታች።

"ዝገቱን እያየሁ ነው፣ እትዬ።"

ለሚለቀው ቤት ዝገት ምን ይሠራለታል? ደግሞ እኮ ለፋሲካ የባላቸው ወንድም ሣህሌ ከሚዛን ከተማ መጥቶ ሳለ፣ ይሄው ሰውዬ ቀኑን ሙሉ በጆሮው ሲያንሾካሽክለት ውሏል። ምን እያወራችሁ ነው ሲባሉ፣ የኮረሪማ ዋጋ ነው አሉ። እትዬ በዛወርቅ አሁን አሁን ያም ነገር ይከነክናቸው ጀመር።

የባሰችው ግን ዘይቱና ነች። ስድስት የእንሰት ችግኝ አስመጥታ ከአጥሩ ሥር ደርድራ ተከለች። እንሰት ለመብል እስኪደርስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የካፋ ሰው ይቅርና የወራቤም ሰው ያውቃል። ሳምንት የማትቆይ ሴት እንሰት ትተክላለች? እትዬ በዛወርቅ ሱቅ እስክትሄድ ጠበቁ፤ ከዚያ አማተቡና የተቀበረ መተት ካለ ብለው ሥር ሥሩን በእንጨት ጫሩት። ፍግ ብቻ ነው። በዚህ ይበልጥ ፈሩ።

ሮጠው ወደ ዕድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ሀብተሥላሴ ሄዱ።

"ቆርቆሮውን ነቅለው ሊሄዱ ነው! በሩንም፣ መስኮቱንም! እንሰቱ ደግሞ አፌን ሊያስሩበት ነው።"

"ኧረ በዛወርቅ! አራት ዓመት ሙሉ አንድ ማንኪያ ጠፍቶሽ ያውቃል?"

"ሌባ መጀመሪያ ያላምዳል፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ሣህሌን አማክሪው።"

"ሣህሌን ምን አገባው? ቁልፉን አስረክቦኝ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ! ጣሪያውን ያሳደስኩ እኔ፣ አጥሩን ያሳጠርኩ እኔ።" የሽማግሌውን እጅ ያዙ። "ጋሼ፣ ከዚህ ቤት ሌላ ምንም የለኝም። ምንም!"

ጋሽ ሀብተሥላሴ አዘኑላቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለቱን ወገን በረንዳቸው ላይ አስቀመጡ።

እትዬ በዛወርቅ ነጠላቸውን አስተካክለው ጀመሩ። "ውሉ ይፍረስ ካላችሁ፣ የሁለት ወር ኪራይ ካሣ ትከፍላላችሁ።"

"እንከፍላለን" አለ አብዱልሃኪም።

"ከግቢውም አንዲት ቆርቆሮ፣ አንዲት ሚስማር፣ አንዲት ቅጠል እንዳትወጣ! ይጻፍልኝ!"

"ኧረ ምንም አይወጣም፣ እትዬ። ወላሂ!"

አቤት አቸኳኮሉ! እትዬ በዛወርቅ በጎሪጥ አዩት። ቢሆንም ተጻፈ፤ ባልና ሚስቱም ፈረሙ። ካሣው እዚያው እትዬ በዛወርቅ እጅ ገባ። አሮጌውን ውል ራሳቸው ተቀብለው ለሁለት ቀደዱት፤ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረታቸው ቀለል አላቸው። ሌቦቹን ቀደሟቸው። ዘይቱና በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

'ደግሞ ታለቅሳለች!' አሉ በሆዳቸው።

አብዱልሃኪም ከኮቱ ኪስ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አወጣና በሁለት እጁ ለጋሽ ሀብተሥላሴ ሰጠ።

"ይቺን ደግሞ እርስዎ ያንብቡልን። ስሙ ዓርብ ተዛውሮ አለቀ። እኔ ልነግራቸው ስንት ቀን ሞከርኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ።"

ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው በዓይናቸው ብቻ አነበቡት። እትዬ በዛወርቅን ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት።

"አከራይ፦ ግቢውን ከባለቤቱ ከአቶ ሣህሌ የገዛው አብዱልሃኪም ሚንሃጅ። ተከራይ፦ ወይዘሮ በዛወርቅ ቀጸላ። የሚከራየው፦ የጓሮው ክፍል። ዘመኑ፦ ዕድሜ ልካቸውን። ኪራይ፦ የለም።"